ዐሥራ ሰባቱ ባለ ቀንዶች

ጋሽ ደጀኔ ማረፋቸውን የሰማሁት ሐፍላ ውስጥ ቆሜ ነው። ሚኒባሷ እንደ ሁልጊዜው ገና ከሶባ ጢም ብላ ነው የተነሣችው፤ በአንድ እጄ ጣሪያውን ይዤ፣ በሌላው ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌያለሁ። የደወሉልኝ ኻርቱም ማዮ ሰፈር ውስጥ ቤት ያከራዩዋቸው የነበሩት እትዬ ብርቄ ናቸው።

«ሰዓዳ፣ ጋሽ ደጀኔ አረፉ እኮ። ከትናንት ወዲያ ቀበርናቸው። ስልክሽ አልሠራ ብሎኝ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«ምን ሆነው?»

«ልባቸው ነው አሉ። ቆመው ነው የሞቱት ብልሽ ታምኛለሽ? ግድግዳ ተደግፈው፣ ሻያቸውን እየጠጡ።»

አመንኩ። ተቀምጠው ሞቱ ቢሉኝ ነበር የማላምነው።

«ደብተር ትተውልሻል» አሉ ደግሞ። «‹ይህቺ የሰዓዳ ናት› ብለው ለብቻ አስቀምጠዋታል። መጥተሽ ውሰጂ።»

ከሞታቸው ይልቅ ያደነገጠኝ ደብተሩ ነው። ዐማራት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ ነኝ፤ መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ ነው የነቃሁት። የዚያን ቀን ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ጨመርኩ፣ ሩዙንም አሳረርኩት። ሰዎቹ ዘመድ የሞተባት ነው ብለው ዝም አሉኝ። እኔ ግን የማስበው አንድ ገጽ ብቻ ነበር።

እስኪ ሰውየውን ልንገራችሁ፣ ምናልባት እኔም ትንሽ እረጋ ይሆናል።

ጋሽ ደጀኔ አገር ቤት እያሉ ከብት በሚዳቀልበት ጣቢያ ይሠሩ ነበር። በደርግ ጊዜ በእግራቸው ሱዳን ገቡ፣ በዚያው ኻርቱም ላይ አረጁ። እኔ ሳውቃቸው ሶባ አካባቢ ባሉት እርሻዎች እየዞሩ የፍየል ኮቴ ይከረክማሉ፣ የታመመ ያክማሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ይቆጥራሉ። መቁጠር በሽታቸው ነው። በረት ሲገቡ መንጋውን ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ፤ ካልገጠመ ሦስተኛ። ሐፍላ ሲሳፈሩ ሰው ይቆጥራሉ። አንድ ቀን «ዛሬ ከሃያ ሁለቱ ግራኙ ሁለት ነው» ብለውኛል፤ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ በየትኛው እጅ እንደሚሰጡት ሲያዩ መጥተው ነው። ያ ረቢ፣ ሰው እንዲህ ይኖራል?

መቀመጥ የሚባል አያውቁም። ቁርሳቸውን ቆመው፣ ሻያቸውን እየተራመዱ። ሻይ ሲጠጡ አንዱን ፉት በረቱ ጋ፣ ሌላውን ፉት ውሃ ማጠራቀሚያው ጋ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ዐይኔን አዞሩት» ስላቸው «ከተቀመጥኩ ይጠፋብኛል» ይላሉ። ምኑ እንደሚጠፋባቸው አይናገሩም።

የደረት ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ባቄላና ነጭ ቦሎቄ ተቀላቅሎ ይንሿሿል። ግልገል ሲወለድ አውራ ጣታቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ይዳብሱታል፣ ቀንድ የሚወጣበት ቦታ ያኔውኑ ይታወቃቸዋል። መጀመሪያ ቀን የተዋወቅን ጊዜ እኔንም በሻሽዬ ላይ ዳበስ አድርገው «የለሽም፣ ደግ» ብለው አሳቁኝ። ከዚያ በፊት ያ በረት ውስጥ ስቄ አላውቅም ነበር።

ደብተራቸው ሰፊ የተማሪ ደብተር ናት። በማስመሪያ ከፋፍለዋታል፤ ቀን፣ እናት፣ ግልገል፣ ራስ (ባለ ቀንድ ወይስ ቀንድ አልባ)፣ መጨረሻው ላይ «ምክንያት»። ስለዚያ መጨረሻው ያላቸው ሕግ አንድ ነው። «የምታውቂውን ጻፊ። የማታውቂውን ባዶ ተዪው። ባዶ ነውር የለውም፤ ግምት ጽፈሽበት እውነት ከመሰለ ግን ጉድ ነው» ይላሉ።

ደቡቡ ተገንጥሎ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። እኔ ከሰው ቤት ሠራተኝነት ወጥቼ ሶባ፣ ሐጅ ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ እርሻ ላይ፣ እነሱ መዝረዓ ይሉታል፣ የፍየል አላቢ ሆንኩ። ዐረብኛ አንቱታ ስለሌለው ሐጅን እስከ ዛሬ «እሱ» ነው የምለው፣ እንጂ ሽማግሌ ነው። ሠላሳ ወላድ ፍየሎችና አንድ አውራ ነበረው፣ ሁሉም ቀንድ አልባ። ፈልጎ፣ መርጦ ነው የገዛቸው። ባለ ቀንዶቹ እርስ በርስ ጡት ይቀዳደዳሉ ብሎ ይጠላቸዋል። ማለዳ ማለዳ ወጥቶ ያን ልሙጥ ግንባራቸውን እያሻሸ «ራሰ በራዎቼ» ይላቸዋል። ራሱም እኮ መላጣ ነው።

እኔ ወረቀት አልነበረኝም። ሐጅ «አንድ ዓመት በደንብ ሥሪልኝ፣ ኢቃማ አወጣልሻለሁ» ብሎኛል። ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ለእኛ ግን መተንፈሻ በሉት። ያ ከሌለ ከሻ ይመጣል፤ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን እያፈሰ መኪና ላይ ይጭናል፣ ከዚያ እስር፣ ከዚያ ወደ መጣሽበት።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሐጅ ከተማ ሄዶ፣ ብቻዬን በረት ስጠርግ የፖሊስ መኪና በጭቃ መንገዱ ስትመጣ አየሁ። መጥረጊያውን የት እንደጣልኩት አላስታውስም። በጓሮው በር ወጥቼ ቢርሲም የሚባለውን የመኖ ሣር ማሳ አቋርጬ፣ የመስኖ ቦይ ውስጥ በደረቴ ተኛሁ። ለሁለት ሰዓት ያህል ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። መኪናዋ ለካ አልፋ ነው የሄደችው። ስመለስ የጓሮው በር እንደተበረገደ ነው፤ የጎረቤት አውራ፣ ያ እንደ ሐጅ አውራ ጥቁር የሆነው፣ ባለ ትልልቅ ቀንዱ፣ መሀላቸው ገብቶ ከአንዷ ወደ አንዷ ይላል። ስንቷን እንዳጠቃ አላህ ይወቀው። በዱላ አባርሬ አስወጣሁት፣ በሩን አሰርኩ፣ ጭቃዬን ታጠብኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? በር ከፍቼ ጠፋሁ ብዬ?

ከአምስት ወር በኋላ ፍየሎቹ ወለዱ። አርባ ግልገል። ጋሽ ደጀኔ አንድ በአንድ እየዳበሱ ጻፉ፤ ዐሥራ ሰባቱ ባለ ቀንድ።

ሐጅ አበደ። በፊተኛው ወሊድ ዘጠኝ ባለ ቀንድ ሲወለድለት «ሻጩ ያረገዘ ሸጦልኝ ነው» ብሎ ሻጩን ረግሞ ዝም ብሎ ነበር። አሁን ማንን ይርገም? ወደ እኔ መጣ።

«ከቀንድ አልባ አባትና ከቀንድ አልባ እናት ቀንድ ከየት ይመጣል? አንቺ ነሽ! በር ከፍተሽ አስገብተሻል!»

«ወላሂ አልከፈትኩም!» አልኩ። ያውም በረመዳን፣ በጾም አፌ።

«ኻላስ። ኢቃማውን እርሺው። ጁምዓ ሳይደርስ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ።»

ያኔ ነው ጋሽ ደጀኔ የፍየል እግር ጭናቸው መሀል እንደያዙ ቀና ያሉት። «ሐጅ» አሉት፣ «ቀንዱ ከውጭ አልመጣም። ፍየሎችህ ውስጥ ነበረ።»

ሐጅ ሳቀ፣ የንዴት ሳቅ። ጋሼ እግሯን ለቀቁ፣ እጃቸውን አራገፉ፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አስመጡኝ። እያንዳንዱ ውስጥ ሃያ ባቄላ ሃያ ቦሎቄ ቆጥረው ጨመሩ፤ ሁለቴ ቆጥረው፣ እንዴታ።

«እያንዳንዷ ፍየል ሁለት ፍሬ ይዛለች» አሉ፤ «አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። የተማረው ዘረመል ይለዋል፣ አንተ ፍሬ በለው። ነጩ ቀንድ ይከለክላል። አንድ ነጭ ካለ ቀንድ የለም። ሁለቱም ባቄላ ከሆኑ ብቻ ቀንድ ይወጣል። የአንተ ፍየሎች፣ አውራውም ጭምር፣ አንድ ነጭ አንድ ባቄላ ናቸው። ባቄላው ተደብቋል እንጂ አልጠፋም። ይሄኛው ብርጭቆ አባት ነው፣ ያኛው እናት። ዐይንህን ጨፍን፣ ከሁለቱም አንድ አንድ አውጣ፣ እየን፣ መልስ። አርባ ጊዜ።»

ሐጅ ዐይኑን ጨፈነ። ትልቁ ሰውዬ ከንፈሩን ነክሶ እንደ ሕፃን ባቄላ ሲያወጣ ሳይ በጭንቀቴ መሀል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። አርባ ጊዜ አወጣ። ሁለቱም ባቄላ የሆነው ዘጠኝ ጊዜ ነው።

«ያ ሳላም» አለ። ቆየና ደግሞ «ባቄላ ባቄላ ነው፣ ፍየል ፍየል ናት» አለ።

«እንግዲያው ፍየሎቹን እንጠይቃቸው። በሮቹን ሁሉ በቁልፍ ዝጋ፣ ቁልፉን አንተ ያዝ። አውራህ ብቻ ያጥቃቸው። በሚቀጥለው ወሊድ ከአርባ ግልገል ከስድስት እስከ ዐሥራ አራቱ ባለ ቀንድ ይሆናል።»

«አንድ ቁጥር ንገረኝ።»

«አንድ ቁጥር ብነግርህ ዋሸሁህ ማለት ነው። ብዛቱን ጠይቀኝ እንጂ አንዷን አትጠይቀኝ።»

«ካልሆነስ?»

«እሷንም እኔንም አባር። በሶባ እርሻዎች ሁሉ ደጀኔ አጭበርባሪ ነው ብለህ አስነግር።»

እኔ ያኔ የጋሼን እጅ ብስም ደስ ባለኝ። ግን አላደረግሁትም። ያን ሁሉ የሚሉልኝ እኔ እንዳልከፈትኩ አምነው ነዋ! ኢቃማው «እስኪወልዱ ይቆይ» ተባለ። ስምንት ወር።

ስምንት ወር እንዴት አለፈ አትበሉኝ። የሐጅ ቤት ከመዝረዓው ጋር አጥር ይጋራል፤ ጠዋትና ማታ ራሱ እየመጣ ከፍቶ ይዘጋል። መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አሁን የምሸሽበት በር እንኳ የለኝም። እንቅልፌ ቅዠት ሆነ፤ ቀንድ ያበቀልኩ ሁሉ እየመሰለኝ እነሣለሁ።

አንድ ሐሙስ ሳልብ ጋሼ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ወዲያ ሄዱ፣ ተመለሱ። ደግሞ ሄዱ፣ ተመለሱ። ኪሳቸው ውስጥ ፍሬው ይንሿሿል።

«ሰዓዳ፣ ዐሥራ ሰባት በዛ።»

ቀና ሳልል ማለቤን ቀጠልኩ። «እንዴት በዛ? ራስዎ አይደሉ ከውስጥ ነው ያሉት?»

«አዎ። ሐጅ ‹ከውጭ ካልገባ ቀንድ አይመጣም› አለ፣ ያ ሐሰት ነው፤ ለዚያ ተከራከርኩ። ከአርባ ዐሥር ቢሆን ከውስጥ ነው። ዐሥራ ሦስትም ይሁን። ዐሥራ ሰባት ግን ከመቶ አንዴ ቢመጣ ነው።»

«ታዲያ ያቺ አንዷ መጥታ ይሆናላ!»

«መጥታ ሊሆን ይችላል» አሉ። «የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ እጽፋለሁ። አልጠየቅሁሽም።»

ሄዱ። ወተቱ ከባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት። ሮጬ ልከተላቸው ብድግ አልኩ፣ ደግሞ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለእሳቸው ብነግር ለሐጅ ይነግራሉ ብዬ ፈራሁ። ቁጥር የማይዋሹ ሰው ናቸዋ!

የመውለጃው ሰሞን ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ግልገሎች ተወለዱ፣ አራቱ ባለ ቀንድ! ሐጅ አውራ ጣቱን እየላሰ በየግንባሩ ይዳብሳል፣ እኔን በክፉ ዐይን ያያል። ጋሼ ምንም አልመሰላቸውም። «ሕዝቡ ገና አልመጣም» ይላሉ፣ ይራመዳሉ። ከዚያ ተከታታይ ዐሥር ራሰ በራ መጣ። እንዲህ ሲያንገላታን ከርሞ በመጨረሻ ሠላሳ ዘጠኝ ግልገል ሆነ። ጋሼ ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠሩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቆጠሩ። ባለ ቀንድ ዐሥራ አንድ።

ሐጅ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አየው፣ እኔን አየኝ። «ሰዓዳ፣ በድዬሻለሁ፣ ዐፉ በይኝ» አለ። እኔን! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ከዚያ ግን ወደ ጋሼ ዞረ። ሞኝ ሰው አይደለም። «ኡስታዝ፣ አሁን ዐሥራ አንድ ሆነ። ዐምና ታዲያ ለምን ዐሥራ ሰባት ሆነ?»

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸው ቆመ። እኔን አላዩኝም። ብቻ ደብተሯን ከደኑና «ከመቶ አንዴ ዐሥራ ሰባት ይመጣል» አሉ።

«እና ለእኔ ደረሰኝ!» ብሎ ሐጅ ሳቀ።

ጋሼ የቀረበላቸውን ሳይበሉ ወጡ። እስከ አስፋልቱ ተከተልኳቸው። ሐፍላ እስኪመጣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ እኔም ከኋላ ከኋላ።

«ቁጥሩን አልዋሸሁም» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። «ሰውየውን ግን ዋሽቼዋለሁ መሰለኝ።»

አሁን ልንገር፣ አሁን ልንገር እያልኩ ሳለ ሐፍላዋ መጣች። ገቡ። በመስኮት ሳያቸው ሰው እየቆጠሩ ነው።

ኢቃማዬ ወጣ። በዚያው ሰሞን ሐጅ ስለ ሌላ ችግሩ አማከራቸው፤ ካስቀራቸው ራሰ በራ እንስቶች ሲሶ ያህሉ ፍናፍንት ሆነው፣ ወንድም ሴትም ሳይለዩ መኻን ቀርተዋል። ጋሼ «ሁለቱም ፍሬዋ ነጭ የሆነች እንስት ማኅፀኗ ይዘጋል፤ ቀንድ አልባን ከቀንድ አልባ አታጋባ፣ ባለ ቀንድ አውራ አምጣ» አሉት። እሱም አስቦ አስቦ ማንን ገዛ? የጎረቤቱን ጥቁር! በገመድ እየተሳበ ሲገባ ያ ከይሲ ገመዱን ቀድሞ በጓሮው በር በኩል በቀጥታ ወደ ፍየሎቹ ሄደ።

«ቤቱን የሚያውቅ እኮ ነው የሚመስለው!» አለ ሐጅ።

ጋሼ ጎንበስ ብለው ኮቴ መከርከም ጀመሩ። የሚከረክሙት ባለፈው ሐሙስ የተከረከመ ኮቴ ነበር።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ሐጅ ፍየሎቹን ሸጠ፣ እኔ ዐማራት ሥራ አገኘሁ። በየዒዱ ምግብ ቋጥሬ ማዮ ጋሼ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ቆመው ይበላሉ፣ ስለ ፍየልና ስለ ርግብ ያወራሉ። በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። በተመለስኩ ቁጥር ራሴን እየተሳደብኩ ነው። ምን ይጎዳኝ ነበር? ኢቃማው እጄ ገብቷል፣ ሐጅ ሌላ ሰፈር ሄዷል። አፌን የያዘው ያ «ወላሂ» ያልኩት ነው። እሳቸውም አንድ ቀን አላነሡብኝም።

ባለፈው ጁምዓ ማዮ ሄድኩ። እትዬ ብርቄ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። እዚያው በራፋቸው ላይ ቆሜ ገለጥኳት፤ መቀመጥ አቃተኝ፣ በሽታቸው ተጋባብኝ መሰለኝ። የጋሼ ጽሕፈት ጥቃቅን ነው። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ሁሉ ተሞልቷል። «ግልገሏ ሞተች፤ ምክንያት፦ እናቷ ተኛችባት።» «ጡቷ ታመመ፤ ምክንያት፦ እሾህ።» አንዱ ጋ «ምክንያት፦ ደጀኔ መድኃኒት አሳስቶ» ይላል። የራሳቸውንም ጥፋት አልተዉም።

ያ ገጽ መጣ። አርባ ግልገል፣ ባለ ቀንድ ዐሥራ ሰባት። ምክንያት፦

ባዶ። በደብተሯ ሙሉ እሱ ብቻ ባዶ ነው። ለሌላው ሁሉ አንድ መስመር የሰጡ ሰው ለዚህኛው ሦስት መስመር ትተውለታል። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ጠርጥረውኛል፣ አዎ፤ ግን አላወቁም። ስላላወቁ አልጻፉም። የሚያውቀው ሰው እስኪመጣ ክፍት ትተውት ሞቱ።

«እትዬ ብርቄ፣ እስክሪብቶ አለዎት?»

«ምን ልትጽፊበት ነው? የሟች ደብተር እኮ ነው!»

ሰጡኝ። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፣ ጽሕፈቴ እንደ ጋሼ አያምርም። በመጀመሪያው መስመር «በሩን ክፍት ጥዬ የሮጥኩት እኔ ሰዓዳ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው «ከሻ ፈርቼ ነው፤ የጎረቤት አውራ ገባ፣ በሐሰትም ማልኩ» አልኩ። በሦስተኛውም ላይ ጻፍኩ።

«ጋሽ ደጀኔ ማንንም አልዋሹም። አልነገርኳቸውም ነበር።»